ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ካሜራዎቼ ስም ይለዋወጣሉ፦ እንዴት ነው የሚታሰሩት?

መነሻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ሊኑክስ ላይ ነኝ። ኮምፒውተሩ ሦስት የቪዲዮ ዕቃ አለው። ሁለቱ ቁርጥ አንድ ዓይነት የዩኤስቢ ካሜራዎች ናቸው። ሦስተኛው ከድሮ የካሴት ማጫወቻ ምስል የሚቀበል የፒሲአይ ካርድ ነው፣ ቢቲቲቪ በሚባል ድራይቨር (ዕቃውን የሚያሠራ ፕሮግራም) የሚሠራ። አንደኛው ካሜራ በሩን ያያል፣ ሌላኛው የሥራ ጠረጴዛውን ከላይ ወደ ታች። ቀረጻውን የሚያስኬደው ስክሪፕት /ዴቭ/ቪዲዮ0 በሩ ነው፣ /ዴቭ/ቪዲዮ2 ጠረጴዛው ነው ተብሎ ነው የተጻፈው (/ዴቭ ሊኑክስ ዕቃዎቹን በፋይል መልክ የሚያሳይበት ፎልደር ነው)። አንድ ቀን በትክክል ይሠራል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ግን በሩ የነበረው ጠረጴዛ ይሆናል፣ አንዳንዴም ካርዱ ዜሮን ይዞ ቁጭ ይላል። ስህተት የሚል መልእክት አይወጣም። ቀረጻው ይቀጥላል፣ በተሳሳተ ፋይል ውስጥ። የሚያናድደኝም ይሄ ነው። ጭራሽ ቢቆም ኖሮ ወዲያው ይታወቅ ነበር።

የትኛው ዕቃ የትኛውን ስም እንደሚይዝ እኔ ራሴ የምወስንበት መንገድ አለ ወይ? ሌላም ግራ ያጋባኝ አለ። ዕቃው ሦስት ሆኖ ሳለ /ዴቭ ውስጥ የሚታየኝ ቪዲዮ አምስት ነው። ለምን?

(ክሩ ስለረዘመ፣ አዲስ የሚገባ ሰው መሃል ላይ እንዳይጠፋበት መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። የማልስማማበት ቦታ ሲደርስ እናገራለሁ።)

1. የመጀመሪያው መልስ ጨዋና አጭር ነው። ቁጥሩ የወረፋ ቁጥር ነው ይላል፤ ቀድሞ የደረሰ ዜሮን ይወስዳል። ማሽኑ ሲነሳ ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ዕቃዎቹን ሁልጊዜ በአንድ ተራ አይጠራቸውም። ድራይቨሮቹ ጎን ለጎን ይነሳሉ፣ የትኛው ካሜራ ቀድሞ እንደሚመዘገብ በሚሊሰከንዶች ይወሰናል። ስለዚህ ቁጥሩን አይቶ የትኛው ካሜራ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም፣ የትኛው ሶኬት ላይ እንደተሰካም እንዲሁ።

2. ሁለተኛው ነገሩን ቀለል አድርጎ ነው ያየው። ካሜራዎቹን ከነበሩበት ሶኬት አለመንቀል ይበቃል፣ የሱ ማሽን በዚህ ሁኔታ ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም ነው የሚለው።

3. ይሄኛው በሁለተኛው አልተስማማም፣ ቃሉም ጠንከር ያለ ነው። እስካሁን አለመበላሸቱ ዋስትና አይሆንም አለ። ጥሩ ምሳሌም አመጣ። አንድ ፕሮግራም ካሜራውን ከፍቶ እየቀረጸ ሳለ ካሜራው ለአፍታ ቢጠፋና ቢመለስስ? ፕሮግራሙ የድሮውን ፋይል ገና ስላልዘጋ የድሮው ቁጥር አይለቀቅም። ካሜራው ሲመለስ ሌላ ክፍት ቁጥር ይሰጠዋል። ማንም ሰው ገመድ ሳይነካ ስሙ ተቀየረ ማለት ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ማሽኑ እንደበራ ሰንብቶ ካሜራ ጠፋብኝ የሚል ሁሉ መጀመሪያ ይህንን ቢያጣራ ብዙ ጊዜ ይተርፈዋል።

4. አራተኛው የአምስቱን ቪዲዮ ነገር ፈታው። ከከርነል 4.16 ጀምሮ የዩኤስቢ ካሜራዎችን የሚያሠራው የዩቪሲ ድራይቨር ለአንድ ካሜራ ሁለት ፋይል ይከፍታል። አንዱ ምስሉ የሚወጣበት ነው። ሁለተኛው ሜታዳታ የሚወጣበት ነው፣ እንደ እያንዳንዱ ፍሬም የሰዓት ምልክት ያለ መረጃ። ሁለት ካሜራ አራት ፋይል ሆነ፣ ካርዱ ሲጨመር አምስት። ቪ4ኤል2-ሲቲኤል በሚባለው መሣሪያ ዝርዝሩን ስናይ የትኞቹ ሁለት ፋይሎች የአንድ ካሜራ እንደሆኑ ሰብስቦ ያሳያል። ሜታዳታውን ፋይል ከፍቶ ምስል የሚጠብቅ ሰው ምንም አያገኝም። ካሜራዬ ሞተ ብሎ የሚጥል ሰው እንዳይኖር ነው አራተኛው የጨነቀው፣ እኔም እጋራዋለሁ።

5. አምስተኛዋ ቋሚ ስሞቹ ቀድሞውኑ እንዳሉ አስታወሰች። /ዴቭ/ቪ4ኤል የሚባል ፎልደር አለ። በውስጡ ባይ-አይዲ እና ባይ-ፓዝ የሚባሉ ሁለት ፎልደሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ካሜራውን በአምራቹ፣ በሞዴሉና በሲሪያል ቁጥሩ ይጠራዋል። ሁለተኛው የተሰካበትን መንገድ ይዞ ይጠራዋል። ሁሉም ወደ ትክክለኛው ቪዲዮ ፋይል የሚጠቁሙ ሲምሊንኮች (አቋራጭ ስሞች) ናቸው፣ ቁጥሩ ሲቀየር አብረው ይስተካከላሉ። መጨረሻቸው ላይ ኢንዴክስ0 ወይም ኢንዴክስ1 የሚል አለ፣ ምስሉ ኢንዴክስ0 ነው። ለብዙ ሰው ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። ምንም ሳይጻፍ፣ ስክሪፕቱ ላይ ያለውን ስም ብቻ በመቀየር።

6. ስድስተኛው የኔ ነው። ባይ-አይዲ ውስጥ ገብቼ የማየው የአንድ ካሜራ ስም ብቻ እንደሆነ ተናገርኩ። ሁለቱም ተሰክተዋል፣ ሁለቱም ይሠራሉ፣ ስም ያለው ግን አንዱ ነው።

7. ሰባተኛው ምክንያቱን በደንብ አብራራ። ብዙ ርካሽ ካሜራዎች ሲሪያል ቁጥር የላቸውም፣ ወይም ከፋብሪካ ሲወጡ ሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው ይወጣሉ። ያኔ ሁለት ካሜራ የሚያገኙት ስም አንድ ይሆናል። አንድ ሲምሊንክ ደግሞ ወደ ሁለት ቦታ ሊጠቁም አይችልም፣ አንዱ ይወስደዋል ሌላው ያለ ስም ይቀራል። ባይ-አይዲ ለእንዲህ ዓይነት ካሜራ አይሆንም፣ የሚያዋጣው ባይ-ፓዝ ነው። በኔ ግምት የዚህ ክር ዋናው ቁልፍ ይሄ ነው። መንታ ካሜራዎችን የሚለያቸው የተሰኩበት ቦታ ብቻ ነው።

8. ስምንተኛዋ አንድ እርምጃ ቀጠለች። የባይ-ፓዝ ስም ረጅምና ለማንበብ አስቸጋሪ ስለሆነ የራሳችንን ስም በዩዴቭ (የ/ዴቭን ስሞች በሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ደንብ እንስጥ ነው የምትለው። አካሄዷን ዘርዝራ አሳየች። /ኢቲሲ/ዩዴቭ/ሩልስ.ዲ ውስጥ በ99 የሚጀምር አዲስ ፋይል ይከፈታል። በአንድ መስመር ላይ አራት ነገር ይጻፋል። ሰብሲስተሙ ቪዲዮ4ሊኑክስ መሆኑ፣ ኢንዴክሱ 0 መሆኑ፣ ካሜራው የተሰካበት የዩኤስቢ ቦታ፣ በመጨረሻም የምንሰጠው የሲምሊንክ ስም። ቦታው ለምሳሌ 1-1.2 ተብሎ ይጻፋል። አንደኛው ባስ፣ አንደኛው ፖርት ላይ ያለው ሀብ (አንዱን ሶኬት ወደ ብዙ የሚያበዛው ዕቃ)፣ የሀቡ ሁለተኛ ሶኬት ማለት ነው። ይህን ለማግኘት ዩዴቭአድም ኢንፎ በሚለው ትእዛዝ የካሜራውን ሙሉ የዘር ሐረግ ማየት ነው።

አንድ ነገር አጥብቃ ነው ያሳሰበችው። መስመሩ ላይ መመሳሰልን የሚጠይቀው ሁለት የእኩል ምልክት ነው። አንድ እኩል ብቻ ከተጻፈ ጥያቄው ቀርቶ ሌላ ትርጉም ይይዛል። ሲምሊንኩ ላይ ደግሞ መደመርና እኩል አንድ ላይ ይጻፋሉ። መደመሩ ከተረሳ ሌሎቹ ደንቦች የሰጡት የባይ-ፓዝ ስም ይጠፋል። ኢንዴክስ 0 የሚለው ከተረሳም ለምስሉና ለሜታዳታው አንድ ስም ይሰጥና የቅድሙ ሽሚያ ይመለሳል።

9. ዘጠነኛው ሲምሊንክ ለምን አስፈለገ ብሎ ጠየቀ። ኔም በሚለው ቁልፍ ፋይሉን ራሱን ቪዲዮ0 ብሎ መሰየም ይቻላል የሚል ነው።

10. አሥረኛው ያለ ሰላምታ ነው የገባው። ይህ እንደማይሠራ፣ ዩዴቭ ራሱን የዕቃውን ፋይል ስም መቀየር እንደማይችል፣ ኔም የሚለው ለኔትወርክ ካርድ ብቻ እንደሆነ፣ ማንዋሉ ላይ በግልጽ ተጽፎ ሳለ ሳያነቡ መምከር ሰው ማሳሳት እንደሆነ ተናገረ። ያለው እውነት ነው። የተናገረበት መንገድ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ሻካራ ነበር።

11. አሥራ አንደኛው አበረደው። ኔም የሚለውን የሚመክሩ የድሮ መመሪያዎች አሁንም በየፍለጋው ይወጣሉ፣ በድሮው ዩዴቭ ይሠራ ስለነበር የጻፏቸው ሰዎች ያኔ ልክ ነበሩ ይላል። ሌላም ጨመረ። ለሲምሊንካችን ቪዲዮ0 የሚል ስም መስጠትም አይገባም፣ ያንን ስም ከርነሉ ራሱ ይጠቀምበታልና ይጋጫሉ። ከርነሉ ፈጽሞ የማይሰጠውን ስም መምረጥ ነው፣ በር_ካሜራ እንደማለት።

12፣ 13 እና 14። እዚህ ላይ ወሬው ወደ ኔትወርክ ካርድ ሄደ። አሥራ ሁለተኛው ኢቲኤች0 እና ኢቲኤች1 የሚባሉት ስሞችም እንዲሁ ይለዋወጡ እንደነበርና ሲስተምዲ (ማሽኑ ሲነሳ ሰርቪሶቹን የሚያስነሳው ፕሮግራም) በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣው 197ኛ እትሙ የሶኬቱን ቦታ የያዙ ስሞችን እንዳመጣ አነሳ። ለቪዲዮስ ለምን እንዲህ አልተደረገም ነው ነገሩ። አሥራ ሦስተኛው እነዚያን ስሞች ማንም አይወዳቸውም፣ አብዛኛው ሰው አንድ የኔትወርክ ካርድ ነው ያለው አለ። ከዚያ ስለ ሲስተምዲ ራሱ ክርክር ተነሳ፣ ዩዴቭ በ2012 እ.ኤ.አ. ለምን ከሱ ጋር ተዋሐደ እስከማለት ድረስ። አሥራ አራተኛውና አሥራ ሦስተኛው በመሃል የተለዋወጡትን እዚህ አልደግመውም። ለካሜራው የሚጠቅም ነገር የለበትም።

15. አሥራ አምስተኛውን የጻፉት ሰው ከቢቲቲቪ ካርዶች ዘመን ጀምሮ የሠሩ ናቸው፣ ወደ ጉዳዩ የመለሱንም እሳቸው ናቸው። እስካሁን ስለ ካሜራዎቹ ብቻ እየተወራ ካርዱ እንደተረሳ አስተዋሉ። ቢቲቲቪ ቪዲዮ_ኤንአር የሚባል ምርጫ አለው። /ኢቲሲ/ሞድፕሮብ.ዲ ውስጥ በአንድ መስመር ቁጥር 8ን ስጠው ብሎ መጻፍ ነው። ካርዱ ሁልጊዜ ቪዲዮ8 ይሆናል፣ ካሜራዎቹም ዝቅ ያሉትን ቁጥሮች ያለ ጣልቃ ገብ ይካፈላሉ። ዜሮን ለካርዱ እንዳንሰጠው ግን መከሩ። ካሜራ ቀድሞ ዜሮን ከያዘ ካርዱ የተመደበለትን አያገኝም፣ ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል። ማንም የማይደርስበት ከፍ ያለ ቁጥር ነው የሚሻለው። እርጋታቸውን ወደድኩት። ማንንም ሳይነኩ ሁለት ጥያቄ ዘጉ።

16. አሥራ ስድስተኛዋ ይህ ምርጫ ለዩኤስቢ ካሜራዎቹም እንደሚሠራ ጠየቀች። ጸሐፊው ራሳቸው ተመልሰው የዩቪሲ ድራይቨር እንዲህ ያለ ምርጫ እንደሌለው ነገሯት። ለሱ ዩዴቭ ብቻ ነው ያለው።

17. አሥራ ሰባተኛው ቪ4ኤል2ሉፕባክ ስለሚባለው የምናባዊ ካሜራ ሞጁል አነሳ። እዚያም ቁጥሩን በቪዲዮ_ኤንአር፣ ፕሮግራሞች ላይ የሚታየውን መጠሪያ ደግሞ በካርድ_ሌብል መወሰን ይቻላል። እሱ ቁጥር 10ን ነው የሚጠቀመው።

18. ቀጣዩ ወዲያው አስጠነቀቀ። ራስበሪ ፓይ 4 እና ከሱ በፊት የነበሩት ላይ ቪዲዮ10፣ 11 እና 12 በቪዲዮ መፍቻ፣ በመጭመቂያና በምስል ማቀነባበሪያ ክፍሎቹ ስለሚያዙ እዚያ 10ን መምረጥ ጠብ መጫር ነው። 17ኛው አመስግኖ አረመው። ሁሉም እርማት እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

19. አሥራ ዘጠነኛው የፕሮግራም ጸሐፊ ነው። ኦፕንሲቪ የሚባለው የምስል ማቀነባበሪያ ኮድ ስብስብ ካሜራ ሲከፍት ሁሉም ሰው ቁጥር ይሰጠዋል፣ ዜሮ ወይም አንድ። ሊኑክስ ላይ ግን በቁጥሩ ፋንታ የሲምሊንኩን ሙሉ ስም ቢሰጡት ይከፍታል። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው የቪዲዮ መሣሪያም ያው ነው፣ የፈለግነውን ስም ይቀበላል።

20. ሃያኛው ቁጥር ብቻ የሚቀበሉ ፕሮግራሞች እንዳሉ አነሳና መላውን አብሮ አመጣ። ሪድሊንክ የሚባለው ትእዛዝ ሲምሊንኩ በዚያ ሰዓት ወደ የትኛው ፋይል እንደሚጠቁም ይናገራል። ስክሪፕቱ መጀመሪያ ያንን ይጠይቅ፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ቁጥር ቆርጦ ለፕሮግራሙ ይስጠው። ሁለት መስመር ነው፣ አስተማማኝ ነው።

21. ሃያ አንደኛዋ ዊንዶውስ ላይ ናት፣ እዚህ የተባለው ሁሉ እንደማይመለከታት ገባት። እሷም ያለባት ችግር አንድ ነው። ሁለት ካሜራ በዝርዝሩ ላይ አንድ ስም ይዘው ይወጣሉ። የተሰጣት መልስ ኤፍኤፍኤምፔግ በዳይሬክትሾው በኩል ዝርዝር ሲያወጣ ከእያንዳንዱ ስም ሥር ረጅም አማራጭ ስም እንደሚያሳይ ነው። ለማየት አስቀያሚ ነው፣ ግን ለየካሜራው የተለየ ስለሆነ እሱን ቀድቶ መጠቀም ይቻላል።

22. ሃያ ሁለተኛው የ8ኛዋን ደንብ ሞክሮ አልሠራ ብሎታል። የካሜራውን የአምራች ቁጥር ከአንዱ ወላጅ (በዘር ሐረጉ ላይ ከካሜራው በላይ ካለ ዕቃ)፣ የፒሲአይ አድራሻውን ከሌላው ወላጅ ወስዶ አንድ መስመር ላይ ጽፏል። 8ኛዋ ተመልሳ አየችለት። ዩዴቭ በአንድ መስመር ላይ ከዕቃው ራሱና ከአንድ ወላጅ ብቻ ነው የሚያመሳስለው። ከሁለት ወላጆች ከተቀላቀለ ደንቡ በዝምታ ይታለፋል። ደንቡ ከተቀየረ በኋላም ዩዴቭአድም ኮንትሮል ሪሎድ፣ ቀጥሎ ዩዴቭአድም ትሪገር ማለት ያስፈልጋል፣ ወይም ካሜራውን ነቅሎ መሰካት።

23. እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ መጣ። ሃያ ሦስተኛው ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው ባይ ነው። ስሙን ከሶኬት ጋር ካሰርነው አንድ ሰው ገመዶቹን አቀያይሮ ሲሰካ በር_ካሜራ የሚለው ስም ጠረጴዛውን ያሳያል። ቁጥሩ ቢያንስ ስለምንም ነገር ቃል አልገባም፣ ስሙ ግን ይዋሻል።

24. ሃያ አራተኛው ተቆጣ። ሲሪያል የሌላቸውን ካሜራዎች በምን ልለያቸው፣ ሌላ መንገድ ካለህ አሳየን፣ ከሌለህ የሰው ልፋት ከንቱ አትበል የሚል ነው መንፈሱ።

25. እኔ እዚህ ላይ ገባሁ። የ23ኛው ስጋት እውነተኛ ነው። መልሱ ግን ስሙን ለሶኬቱ መስጠት ነው። ሶኬቱ ላይ በር የሚል ወረቀት ከተለጠፈ ገመድ የሚነቅል ሰው የት እንደሚመልሰው ያውቃል። አንዱ ካሜራ ቢበላሽና በሌላ ቢተካም ስሙ እንዳለ ይቀጥላል፣ በሲሪያል የታሰረ ስም ግን ይህን አይችልም። ካሜራዎቹ ሲሪያል ካላቸውና ቦታ የሚቀያየሩ ከሆነ ደግሞ በሲሪያል ማሰር ነው የሚበጀው። አንዱ ለሁሉም አይሆንም።

26. ሃያ ስድስተኛው ሁለት የተለያየ ሞዴል መግዛትን መከረ፣ የምርት ቁጥራቸው ስለሚለያይ። ገና ለሚገዛ ሰው ጥሩ ምክር ነው። ለገዛ ሰው አይረዳም።

27. ስሙ ከተስተካከለ በኋላ ሌላ ችግር የገጠመው ሰው መጣ። ሁለቱን ካሜራዎች አብሮ ሲያስነሳ ሁለተኛው ዕቃው ላይ ቦታ አልቋል የሚል ስህተት ይሰጠዋል። ዲስኩን ሲያጸዳ ነው የዋለው።

28. ሃያ ስምንተኛው ጉዳዩ ከዲስክ ጋር እንደማይገናኝ ነገረው። ያለቀው የዩኤስቢ ባሱ ላይ ያለው መተላለፊያ ነው። ስሌቱንም አስቀመጠ። ያልተጨመቀ የዋይዩዋይቪ ምስል በ640 በ480፣ በሰከንድ 30 ፍሬም፣ ወደ 147 ሜጋቢት በሰከንድ ይፈልጋል። ዩኤስቢ 2.0 በጠቅላላው 480 ነው፣ ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚመደበው ደግሞ ከሱ ያነሰ ነው። በወረቀት ላይ ሁለቱ ይገባሉ፣ ግን ብዙ ካሜራዎች ከሚያስፈልጋቸው በላይ አስቀድመው ይይዛሉ። ምስሉ ተጨምቆ ወደሚላክበት ኤምጄፔግ መቀየር ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ካልሆነ ካሜራዎቹን በተለያየ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ ሥር መሰካት። አንድ ሀብ ላይ ያሉ ሁለት ሶኬቶች አይቆጠሩም፣ መተላለፊያቸው አንድ ነው።

29. የኔ ውጤት። ካርዱ በ15ኛው ምክር ቪዲዮ8 ሆኗል። ሁለቱ ካሜራዎች በ8ኛዋ ደንብ በሶኬታቸው በር_ካሜራ እና ጠረጴዛ_ካሜራ ተብለዋል። ማሽኑን እየደጋገምኩ አጥፍቼ አስነሳሁት፣ ከስር ያሉት ቁጥሮች አሁንም ይለዋወጣሉ፣ ስሞቹ ግን ቦታቸውን አልለቀቁም። አንድ ነገር ቀርቶኛል ብዬ ጠየቅኩ። ቀረጻው እንደ ሰርቪስ ሲነሳ አንዳንዴ ሲምሊንኩ ሳይፈጠር ይቀድምና ፋይሉ የለም ብሎ ይቆማል።

30. ሠላሳኛው መፍትሔውን ሰጠ። ደንቡ መጨረሻ ላይ ታግ በሚለው ቁልፍ፣ በመደመርና በእኩል፣ ሲስተምዲ የሚል ይጨመራል። ያኔ ሲስተምዲ ካሜራውን እንደ አንድ ዩኒት (እንደሚከታተለው አንድ ነገር) ያውቀዋል፣ ሰርቪሱም ያንን ዩኒት ጠብቆ እንዲነሳ ማድረግ ይቻላል። ለሲምሊንኩ ስም ሰረዝ ሳይሆን የሥር መስመር መጠቀሜን ሲያይ ደግሞ እንዲህ እንዲቀጥል መከረ። ሲስተምዲ በዩኒት ስም ውስጥ ሰረዝን የፎልደር መለያ አድርጎ ስለሚያነበው፣ በሰረዝ የተጻፈ ስም በልዩ ኮድ ካልተተካ አይገኝም። መስመሩን ጨመርኩት፣ ሰርቪሱም አሁን ካሜራውን ጠብቆ ይነሳል።